ለአባቴ አሮጌ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ልገዛ ነው፤ ምናለሽ ተራ ሦስት አይቻለሁ፣ የትኛውን ልያዝ?

የመንዟ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝምብኛል፤ ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ግን ትክክለኛውን ምክር አላገኝም።

አባቴ የሚኖረው መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል የሚያስኬድ መንደር። ሰማንያን አልፏል። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸው አንደኛው ተሠርቶለታል፤ ነገር ግን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም። እርሻውን ለወንድሜ ከለቀቀ ወዲህ ቀኑን የሚቆጥረው በሬዲዮ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ዶይቸ ቬለ ነው። ልጆች ሳለን በዚያች ሰዓት ቤታችን ውስጥ ቡና አይወቀጥም ነበር፤ እናቴ ሙቀጫዋን አስቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ማታ 3 ሰዓት ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ነበር። በመጋቢት 2017 ያ ጣቢያ ድንገት ጸጥ ሲል አባቴ የሬዲዮው ጥፋት መስሎት ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲያስቀይር ሰነበተ።

ሬዲዮው ናሽናል ፓናሶኒክ ነበር፤ በ1972 ደብረ ብርሃን ገበያ ሁለት ሙክት ሸጦ የገዛው። የቆዳ ልብሱን እናቴ ሦስት ጊዜ ጠግናዋለች። ባለፈው ኅዳር አባቴን ለዓይኑ ሕክምና አዲስ አበባ ሳመጣው ሬዲዮው ድንጋዩን እንደያዘ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ቤቱን የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ አውጥቼ መሄድ የነበረብኝም እኔ ነበርኩ። ሁለት ወር ተኩል ቆይተን ስንመለስ ድንጋዮቹ ፈስሰው፣ ነጭና አረንጓዴ ነገር ሞላዎቹን በልቶ እስከ ውስጠኛው ቦርድ ደርሶ አገኘሁት። የወሰድኩለት ጠጋኝ ከፍቶ አየውና «መስመሮቹ ራሳቸው አልቀዋል» አለኝ። አባቴ አልተቆጣኝም። ቆዳውን ብቻ አስቀምጪልኝ አለ።

ስልክ አይሆነውም፤ ኔትወርኩ በሳምንት ስንት ቀን እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። ኤፍ ኤም እኛ ሸለቆ አይገባም። አዲስ «ባለ 12 ባንድ» የሚባለውን ገዝቼለት ነበር፤ ቀን ደህና ይመስላል፣ ሲመሽ ግን ጣቢያው ሁሉ አንዱ በአንዱ ላይ ይቆለላል። አባቴ ሁለት ማታ ሞክሮት «ልጄ፣ ይሄ ሁሉንም በአንድ አፍ ያናግራል» ብሎ መለሰልኝ።

ስለዚህ አሮጌ ግን ደህና የሆነ ፈልጌ ባለፈው ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ገባሁ። ሦስት አየሁ፦

አንደኛው ሶኒ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጥር የሚነካበት፣ ጀርባው ላይ አይ ሲ ኤፍ ኤስ ደብሊው 7600 ጂ ይላል። 14,000 አሉኝ። ሁለተኛው ናሽናል ፓናሶኒክ ነው፤ ትልቅ፣ ማዞሪያው የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል፣ ትልቁን ድንጋይ አራት የሚይዝ፣ ባለ አራት ባንድ። የሞዴል ጽሑፉ ተፍቋል። 6,500። ሦስተኛው ከሁሉም ንጹሕ ነው፤ ጽሑፉ በጃፓንኛ፣ ኤፍ ኤሙ ከ76 እስከ 90 ይላል፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድም አለው። 4,000 ብቻ። ሻጩ ሦስቱንም ከፍቶ አሰማኝ፤ ሁሉም ጥርት ያለ ድምፅ አላቸው።

እኔ ስለ ሬዲዮ የማውቀው አባቴ ሲያዞር ያየሁትን ያህል ነው። ምን አይቼ፣ ምን ፈትሼ ልግዛ?

ቅዳሜ ገበያ

እህት፣ ለምን ትደክሚያለሽ? አሁን በፀሐይ ኃይል የሚሞላ፣ መብራት ያለው፣ ሚሞሪ የሚቀበል ሬዲዮ ሞልቷል። ስብከቱንና የድሮ ዘፈኑን ጭነሽ ላኪላቸው።

ሊድና ሽቦ

ልጄ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። ሚሞሪ የሚባለውን ተዪው። እሳቸው የሚፈልጉት ዛሬ የሆነውን ነገር ነው።

እኔ ደሴ ነኝ። ሬዲዮ መጠገን የጀመርኩት በ1969 ነው፤ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በተወረሰበት ዓመት። ዛሬ የሚመጣልኝ አብዛኛው የስልክ ቻርጀር ቢሆንም ሱቄን አልዘጋሁም። በደርግ ጊዜ እጄ የገቡት ሬዲዮዎች ቮልዩማቸው መጀመሪያው ላይ ብቻ ተበልቶ፣ ከመሀል በላይ ያለው እንደ አዲስ ሆኖ ነበር የሚመጣው። ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ድምፁን ቀንሶ ስለሚያዳምጥ ነው። ቮልዩሙን ቀይሬ ስሰጥ ባለቤቱም አይናገር፣ እኔም አልጠይቅ።

ወደ ጉዳይሽ ልመለስ። «ከፍቶ አሰማኝ» ያልሽውን አልወደድኩትም። ሻጭ ሬዲዮ ሲያሳይ ኤፍ ኤም ላይ አድርጎ ሙዚቃ ያስጮሃል። ያ የሚያረጋግጠው ስፒከሩና ድምፅ ማጉያው መሥራታቸውን ነው። አጭር ሞገድ ከአንቴናው ተነስቶ እስከ ማጉያው ድረስ የራሱ መንገድ፣ የራሱ ጥቅልል፣ የራሱ መቀየሪያ አለው። ኤፍ ኤሙ እያንቆረቆረ አጭር ሞገዱ የሞተ ሬዲዮ በየወሩ ይመጣልኛል። ሦስቱም «ጥርት ያለ ድምፅ» ያላቸው ለዚህ ነው፤ አዲስ አበባ መሀል ሆነሽ ኤፍ ኤም ያልጠራ የት ሊጠራ?

ከመፈተንሽ በፊት ግን አንብቢ። የሰሌዳውን አጭር ሞገድ መስመር ፈልጊና የት እንደሚያልቅ እዪ። ያ ንጹሑ የጃፓን ሬዲዮ ለራሳቸው አገር የተሠራ ነው፤ ኤፍ ኤሙ 76 ላይ መጀመሩ ይነግርሻል። እንደነዚህ ያሉት አብዛኞቹ አጭር ሞገዳቸው 3.9 ላይ ጀምሮ 12 ሜጋ ኸርዝ ላይ ያቆማል። 19 ሜትር ባንድ የሚባለው የጣቢያዎች ሰፈር ያለው 15 ሜጋ ላይ ነው፣ 16 ሜትር ደግሞ 17 ተኩል አካባቢ። ጣቢያው ወደዚያ በወጣ ወቅት አባትሽ ማዞሪያውን እስከ ጫፍ ቢወስዱትም አያገኙትም። ደግሞ ያ ገመድ! የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው። የእኛ 220። አንድ ጊዜ ሰክተሽው ጭስ ካየሽ በኋላ እኔ ጋ ብታመጪውም ትራንስፎርመሩን ከመጣል ሌላ የማደርገው የለም። ከአሜሪካ የሚመጡትም በ120 ስለሆኑ እንደዚሁ ናቸው። ሦስተኛውን በ4,000 አይደለም በ1,000ም ለእሳቸው አልመርጠውም።

አሁን ፈተናው። ከተቻለ አመሻሽ ላይ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ሂጂ። የራስሽን አዲስ ድንጋይ ይዘሽ ሂጂ፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ግማሽ የሞተ ድንጋይ ደህናውን ሬዲዮ መጥፎ፣ መጥፎውንም «ድንጋይ ስለሌለው ነው» ያስብላል። ሱቁ ውስጥም አትፈትኚ። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን የኤልኢዲ አምፖልና ቻርጀር አለ፤ አጭር ሞገድን እንደነሱ የሚረብሸው የለም። ሻጩን አስፈቅደሽ ወደ ገላጣው ውጪ።

አንቴናውን መዝዘሽ አጭር ሞገድ ላይ አድርጊ፣ ማዞሪያውን ጣቢያ የሌለበት ቦታ አቁሚ። አሁን አንድ አራት አምስት ሜትር ሽቦ አንቴናው ጫፍ ላይ ጠምጥሚ። ሹክሹክታው ከፍ ካለ ልቡ አለ ማለት ነው። ሽቦውን ስትነኪም ስትለቂም ምንም ለውጥ ከሌለ ወይ አንቴናው ከውስጥ ተበጥሷል ወይ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ተቃጥሏል። የመጀመሪያው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ግን ክፍሉን እስክናገኝ ያንከራትተናል።

ከዚያ የባንድ መቀየሪያውን ወዲያና ወዲህ ሃያ ጊዜ ያህል አመላልሺው። ሲንኮሻኮሽ አትደንግጪ። መዳቡ ዝጎ ነው፤ በኮንታክት ክሊነር ይለቃል፣ ብዙ ጊዜ መመላለሱ ብቻውን ያነቃዋል። ቮልዩሙ ሲዞር መንጫጫቱም ያው ነው።

ማዞሪያው እየዞረ መርፌዋ ካልሄደች ክሯ ተበጥሳለች ወይ ከመዘውሯ ወጥታለች። ይሄ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ገንዘብ አይፈልግም፤ ስለዚህ ዋጋ ለማስቀነሻ ተጠቀሚበት። ድምፁን ከፍ ስታደርጊው «ቱፍ ቱፍ ቱፍ» እያለ እንደ ወፍጮ ሞተር ከመታ ደግሞ ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች፣ ደርቀዋል። አርባ ዓመት የቆየ ሬዲዮ ላይ የሚጠበቅ ነው፤ አራት አምስቱን ስትቀይሪ ይነሳል።

አንዱን ጣቢያ ሁለት ቦታ ብታገኚው እውነተኛው ከፍተኛው ነው፣ 910 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ብሎ የሚሰማው ጥላው ነው። ርካሽ ሬዲዮ ውስጥ እነዚህ ጥላዎች እውነተኞቹን ጣቢያዎች እየሸፈኑ ነው አባትሽ «ሁሉንም በአንድ አፍ» ያሉት። ንግግራቸው ትክክል ነው፤ እኔ ራሴ ከዚያ የተሻለ አልገልጸውም። ለመለያየት ችሎታው ጥሩ መፈተኛ 49 ሜትር ባንድ ላይ አለ፦ የአማራ ሬዲዮ 6090፣ ፋና 6110። በመሀላቸው 20 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ነው። አንዱን ስትይዢ ሌላው ከበስተኋላ ካላወራ ሬዲዮው ደህና ነው።

የድንጋይ ቤቱንስ? አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ፤ ግን ሞላው ላይ ያለውን ብቻ አትዪ፤ ከሞላው ወደ ውስጥ የሚገባውን ሽቦ ላጥ አድርገሽ እዪው። ውስጡ ጠቁሮ ከሆነ ዝገቱ በሽቦው ሆዱ ውስጥ እየተጓዘ ነው። ስለ አሮጌው ሬዲዮም ራስሽን አትውቀሺ፤ ቦርዱን ሳይጥሉት ቢልኩልኝ መስመሩን በሽቦ እቀጥለው ነበር።

ትሬምፐልማርክት

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምኖረው ኑርንበርግ ነው፤ ጎረቤታችን ፉርት ደግሞ የሬዲዮ ሠሪው የግሩንዲክ ከተማ ነበረች። ድሮ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት የነበረው ሕንፃ አሁን የሬዲዮ ሙዚየም ነው፤ ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦትና መስከረም አካባቢ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ ትሬምፐልማርክት የሚባል የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ስሜን የወሰድኩት ከዚያ ነው። እዚያ የሳተላይት ሞዴል ግሩንዲኮችን ጀርመኖቹ ከምድር ቤት አውጥተው ሲሸጡ ታያላችሁ። አያቶቻቸው የሞቱባቸው ናቸው። ጀርመን የረጅም ሞገድ ማሰራጫዋን እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ፣ የመካከለኛውን ደግሞ በ2015 መጨረሻ ስለዘጋች ልጆቹ ሲከፍቱት አብዛኛው ሰሌዳ ባዶ ይሆንባቸዋል። «ተበላሽቷል» ብለው በርካሽ ይሰጡናል፤ ሬዲዮው ግን ምንም አልሆነም።

ለአባትሽ አንድ ልልክ አስቤ ነበር፤ ግን ሁለት ነገር ከለከለኝ። አንዱ ክብደቱ ነው፤ ትልቁ ሳተላይት ዓይኑ የማያይ ሰው ከመደርደሪያ የሚያወርደው ዕቃ አይደለም። ሁለተኛው ሌሎቻችሁም ብታውቁት ይጠቅማል፦ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ በፊት ለጀርመን ገበያ የተሠሩ ብዙዎቹ ሬዲዮዎች ኤፍ ኤማቸው 104 ላይ ያቆማል። አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቴ አንድ የሚያምር ባለ እንጨት ሳጥን ይዤላት መጣሁ፤ ሸገር 102.1ን ሲይዝ ደስ አላት፣ አፍሮን በ105.3፣ ኢትዮ ኤፍ ኤምን በ107.8 ስትፈልግ ግን መርፌዋ ግድግዳ መታች። ከመግዛቴ በፊት ሰሌዳውን አለማንበቤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከሦስቱ ግን እኔ ሶኒውን እመርጣለሁ። ጋሽ ሊድና ሽቦ እንዳይቆጡኝ። ያ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ነው፤ ድግግሞሹን በቁጥር ይቀበላል፣ ጣቢያ ያስቀምጣል፣ ጣቢያው እየራቀና እየቀረበ ሲዋዥቅ ድምፁ እንዳይሰባበር አጥብቆ የሚይዝበት መቀየሪያም አለው። ዓይኑ ለማያይ ሰው መርፌ ከመፈለግ አንድ ቁልፍ መጫን አይሻልም? ቁልፉ ላይ ትንሽ የሙጫ ጠብታ አድርጊበት፣ በጣት ይታወቃል። ድንጋዩም ትንሹ አራት ብቻ ነው።

ደግሞ ስለ ዶይቸ ቬለ። ሩዋንዳ፣ ኪጋሊ የነበረው የራሱ ማሰራጫ እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘግቷል። ድሮ ለጎረቤት ያህል ቀርቦ ይሰማን ነበር፤ አሁን የሌሎችን ማሰራጫ ተከራይቶ ስለሆነ የሚመጣው፣ እንደ ድሮው በማንኛውም ሬዲዮ ይያዛል ማለት አይቻልም። የአማርኛው ክፍል በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ጀምሮ ሲያዳምጡ የኖሩ አባት ዛሬ በደካማ ሬዲዮ ቢያጡት ያሳዝናል።

የመንዟ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። ወንድሜ ከኑርንበርግ፣ ልትልክ ማሰብህ ብቻ ይበቃኛል።

አሁን ግን ሶኒውና ናሽናሉ መሀል ቀረሁ። ቁልፍ መጫን ይቀላል የተባለው እውነት ይመስለኛል። አባቴ ግን ማዞሪያ ሲነካ እጁ ሌላ ነው፤ ጣቢያው ሊመጣ ሲል ገና ሳይሰማ ያውቀዋል። ጋሼ ምን ይላሉ?

ሊድና ሽቦ

ልጅ ትሬምፐልማርክት የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ አልቆጣም። ሶኒው ከናሽናሉ የተሻለ ሬዲዮ ነው። ለራሴ ቢሆን እሱን እወስዳለሁ።

ግን ጣቢያዎች ድግግሞሻቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀይራሉ፤ በፈረንጅ መጋቢት የመጨረሻው እሑድና ጥቅምት የመጨረሻው እሑድ። በእኛ ሲቆጠር መጋቢት ከ16 እስከ 22 ባለው እሑድና ጥቅምት ከ15 እስከ 21 ባለው እሑድ መሆኑ ነው። ሰዓቱ ላይለወጥ ይችላል፤ ቦታው ግን ይለወጣል። በዚያ ማታ አባትሽ የለመዱትን ቁልፍ ይጫናሉ፣ ሹሽሹ ይላል። አዲሱን ቁጥር የሚነግራቸው ሰው ከሌለ፣ ወይም ድንጋይ ሲቀየር ጊዜው ረዝሞ ሬዲዮው ያስቀመጠው ከጠፋ፣ ያ ሬዲዮ አንቺ እስክትሄጂ የተዘጋ በር ነው። ማዞሪያ ያለው ግን ዝም ብሎ ይዞራል። ቀስ እያሉ ያስሱታል፣ የአስተዋዋቂውን ድምፅ ያውቁታል፣ ያገኙታል። ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ በሆነ ሞገድ ስለሚተላለፍ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይገኛል። አርባ ስድስት ዓመት ማዞሪያ የነካ እጅ ያለውን ሰው ቁልፍ አታስተምሪው።

ማዞሪያውን በዙር ማስቆጠር ይቻላል። መርፌዋን ወደ ግራ እስከ ጫፍ ውሰጂያት፤ ከዚያ ጣቢያው እስኪመጣ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሪ። «ሦስት ዙር ከሩብ» ካልሻቸው በጨለማም ይደርሱበታል። የናሽናሉ አጭር ሞገድ ግን እስከ 18 ወይም 22 መድረሱን ሳታዪ እንዳትከፍዪ።

የመንዟ ልጅ

ይቅርታ፣ አምስት ሳምንት ጠፋሁ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ማክሰኞ አመሻሽ አራት አዲስ ድንጋይና ስድስት ሜትር የመብራት ሽቦ ይዤ ሄድኩ። ሻጩ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ናሽናሉን ይዤ ወጥቼ የጋሼን ወረቀት እያነበብኩ መሞከር ስጀምር ግን እሱም መጥቶ አብሮኝ ቆመ። ሰሌዳው አጭር ሞገድ ሁለት ላይ 22 ይላል። መቀየሪያው መጀመሪያ ዝም አለ፤ ወደ አሥራ አምስተኛው ስደርስ ድንገት አንድ የዐረብኛ ጣቢያ ጮኸ፣ እኔም አብሬው ጮህኩ። ሽቦውን ስጠመጥም ሹክሹክታው ከፍ አለ። ፋናና የአማራ ሬዲዮ ተለይተው መጡ። ድምፁን ሳሳድገው ግን ያ «ቱፍ ቱፍ» መጣ። ሻጩ ራሱ ፊቱ ተለወጠ። 6,500 ያለውን በ4,800 ሰጠኝ። አንድ ወጣት ጠጋኝ ካፓሲተሮቹን በ900 ቀየረልኝ፤ የወጡትን አሮጌዎቹን ሳያቸው ሦስቱ ከታች አብጠዋል።

ለዳግም ትንሣኤ መንዝ ገባሁ። ሬዲዮውን ሳልናገር ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አባቴ መጀመሪያ የነካው ማዞሪያውን አልነበረም። ጀርባውን ገልብጦ የድንጋይ ቤቱን ክዳን ፈለገ፣ ከፈተ፣ በጣቱ ሞላዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፣ ከዚያ ጣቱን አሸተተ። «ደረቅ ነው» አለ። አሮጌው የቆዳ ልብስ በስፋት ሁለት ጣት ያንሳል፤ እናቴ በጎኑ ፍየል ቆዳ እየቀጠለችበት ነው።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ሽቦውን ከመስኮቱ አውጥቼ ከባሕር ዛፉ ጋር አሰርኩት። መጀመሪያ ሲከፈት ዝዝዝ የሚል ድምፅ ሁሉንም ሸፈነው፤ ሬዲዮው መንገድ ላይ የተበላሸ መስሎኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ ነው የደረሰበት፦ ግድግዳው ላይ ያለው የፀሐይ መብራት ሳጥን። ሲያጠፋው ጸጥ አለ። አሁን በዚያች ሰዓት ቤቱ የሚበራው በኩራዝ ነው፣ እናቴም አልተቃወመችም።

ከግራ ጫፍ ሁለት ዙር ከግማሽ ላይ አባቴ ቆመ። እኔ የሰማሁት ነፋስ የመሰለ ነገር ብቻ ነበር። «እዚህ ነው፣ ገና አልከፈቱም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ መክፈቻው ሙዚቃ መጣ። እናቴ ሙቀጫዋን አስቀመጠች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ክረምት እየመጣ ነው፣ እኛ አገር ደግሞ መብረቅ አለ። ሽቦው ዛፍ ላይ መሆኑ ያሰጋኛል። ምን ላድርግ?

ትሬምፐልማርክት

እህቴ፣ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የፀሐይ መብራቱን ጨርሶ ማጥፋት የማይቻል ከሆነ ሬዲዮውን ሌላኛው ግድግዳ ጋ አዙሩት፤ ሁለት ሦስት ሜትር መራቅ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ሽቦውም ከመብራቱ ገመድ ጋር ጎን ለጎን አይሂድ።

ሊድና ሽቦ

ልጄ፣ ስጋትሽ ልክ ነው። ሽቦው ቋሚ አይሁን። አንቴናው ላይ መቋጠሩን ትተሽ በልብስ መቆንጠጫ አድርጊው፣ አባትሽ በአንድ እጅ እንዲነቅሉት። ዳመና ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሩቅም ቢሆን፣ ይነቀልና ጫፉ ከመስኮቱ ውጭ መሬት ላይ ይጣል። ሬዲዮ አዳምጠው ሲጨርሱም እንዲሁ፤ ሌሊት ተሰክቶ አይደር። መብረቁ ዛፉን ሳይመታ እንኳ አየሩ ውስጥ ያለው ጉልበት በሽቦው ገብቶ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ያቃጥለዋል። ክረምት ላይ ዝናብ ሲጠና ሬዲዮው በራሱ አንቴና ብቻ ይብቃው፤ ትንሽ ይደክማል እንጂ ይሰማል።

ድንጋዩን እሳቸው ራሳቸው እየዳሰሱ ስለሆነ እሱን አልነግርሽም።

መስከረም ላይ ከወንድምሽ ጋር ስልክ የሚያገናኝ ቀን ካገኘሽ ስልኩን ስጭኝ። ጥቅምት ላይ ሞገዱ ሲቀየር እኔ እዚህ ደሴ ላይ አዲሱን ቦታ ፈልጌ እነግረዋለሁ። የእኔ ናሽናል ከእሳቸው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፣ ስለዚህ ዙሩን ከሜጋ ኸርዙ ጋር ማመሳሰል አለብኝ። ከቻልሽ ከግራ ጫፍ እስከ 9፣ እስከ 12፣ እስከ 15ና እስከ 17 ስንት ስንት ዙር እንደሆነ ቆጥሮ እንዲጽፍልኝ ለወንድምሽ ንገሪው።

የመንዟ ልጅ

ዛሬ ማታ ደወልኩለት። 9 ላይ ሁለት ዙር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ 12 ላይ ሁለት ተኩል አለፍ ብሎ፣ 15 ላይ ሦስት ከሩብ፣ 17 ላይ ሦስት ተኩል ሊደርስ ሲል። የቆጠረው አባቴ ነው፤ ወንድሜ የሚያነበው ሰሌዳውን ብቻ ነበር።